በድምፄ የመጣ መርዶ

ሰው ድምፁን ይሰረቃል? እኔ ተሰረቅሁ! ጠዋት የእድራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድንኳን አሸክመው፣ ቀጨኔ ያለው ቤታችን ድረስ እያለቀሱ መጡ። በሩን የከፈተችው እናቴ እንደ ወጉ መጀመሪያ አብራቸው አለቀሰች፤ ከዚያ "ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?" አለች። ሁሉም ክው አሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞረው "ሞተች ብለህ አንተው አይደለህ እንዴ የላክህልን?" አሉና ስልካቸው ላይ የደረሳቸውን የድምፅ መልእክት ከፈቱት። "እናቴ አረፈችብኝ፣ ለቀብር የሚሆን ብር በዚህ ቁጥር ላኩልኝ" እያለ የሚንሰቀሰቀው የገዛ ድምፄ ነው!

"ማርያምን ጋሼ! አካውንቴን ሀክ አድርገው፣ ድምፄን በኮምፒውተር ሠርተውት ነው" ብዬ ማልኩ። እናቴ ግን ዞራ አየችኝ፤ አሁን የምሯን ታለቅሳለች።

"የልጄ ድምፅ ይጠፋኛል? ምን በድዬህ ነው?"