ጋሼ ቦጎሚል ያልቀለደበት ጠዋት

ወዳጆቼ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ እንጂ ገና አትጠጡ። ጋሼ ቦጎሚል፣ የዛሬው ጡረተኛ፣ አንተንም ነው።

ጋሼ ቦጎሚል ራዲዮ ጣቢያችን ውስጥ ሲቀጠር የተሰጠው ሥራ የዳኑብን ወንዝ የውሃ ከፍታ ማንበብ ነበር። ቁጥር ብቻ። የድምፅ ባለሙያዋ ጂቭካ እንደምትምለው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩን አነበበና «እኛ ከተማ ወንዙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። ማን እንደጠጣው ፖሊስ እያጣራ ነው» ብሎ ዘጋ። አለቃው ሊያባርረው ከቢሮው ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ «ጠጪው አማቼ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለ። በዚያው ጋሼ ቦጎሚል ከሥራው ሳይነሳ ቀረ።

ከዚያ የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ ብቻውን፣ በሁሉም ድምፅ እየተወነ ያቀርበው ጀመር። ጂቭካ በር ትደበድብለታለች፣ ወንበር ትጎትትለታለች። እሱ ባኒጻውን፣ ያንን አይብ ያለበት ቂጣ፣ አፉ ሙሉ ጎርሶ ከንቲባውን ይሆናል። ማይክራፎኑ ላይ የሚቀረውን ፍርፋሪ የማጸዳው እኔ ነበርኩ፣ ጋሼ፤ ዛሬ እወቀው። ቀልዱ ቀልድ ቢሆንም፣ ምክር ቤቱ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገበያ መሃል ቆሞ ስለ ፍሳሽ ቦይ በጀት መጨቃጨቅ ያዘ። በደረቅ ዜና ስንት ዓመት ለፍተን ያልሆነልን ነገር ነው።

ጣጣም ነበረው። ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ ክሩሞቭ የሚባል የምክር ቤት አባል ነበር። ጋሼ ቦጎሚል በራዲዮ እያንኮራፋ አስመሰለው፤ ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ምርጫ ሲመጣ ታዲያ ያው ከተማ ክሩሞቭን አንደኛ አወጣው። ሰውየው ሊያመሰግን ባኒጻ ተሸክሞ መጣ። ጋሼ ቦጎሚል አልቀመሳትም፤ እኛ በላናት። እሱ ግን ቀልዴ ነው ያስመረጠው ብሎ ፊቱ ጠቁሮ ዋለ።

ይኸው ምክር ቤት ነው የሆስፒታሉን ማዋለጃ ክፍል ልዝጋ ያለው። ክረምት ነው፣ እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመውለጃዬ ወር ገብቷል። ሌላ ሆስፒታል ለመድረስ በበረዶ ተራራውን መሻገር ሊኖርብኝ ነው። ጋሼ ቦጎሚል ውሳኔውን እንደ ልማዱ በትወና አቀረበው፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለተቃውሞ አደባባይ የወጣነው ግን እኔ፣ ባሌና አንዲት አዋላጅ ብቻ ነበርን። ፈራሁ።

ይህን የሰማው ጋሼ ቦጎሚል በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ዜና በራሱ ድምፅ፣ ያለ አንዲት ቀልድ አነበበው። ስልኩ አላስቀምጥ አለን። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጂቭካ አንዷን አሮጊት ከእሱ ጋር አገናኘቻቸው።

«ቦጎሚል ልጄ፣ ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ እማማ። ማዋለጃው ነው የሚዘጋው። ትናንትም ነግሬያችሁ ነበር፤ እየሳቃችሁ አለፋችሁት።»

ቀትር ላይ አደባባዩ መቆሚያ ጠፋበት። ያ ሁሉ ሰው የመጣው ዓመታት ሙሉ ያሳቀው ሰው ያን ቀን ስላልቀለደለት ነው።

ከነገ ጀምሮ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። መቼ እንደማልቀልድ እንዴት አውቃለሁ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሲስቁ ማን እንደሚያለቅስ ቀድመሽ እዪ» አለኝ። ሌላ ትምህርት አልሰጠኝም።

ጋሼ፣ እናመሰግንሃለን። ጠዋት ጠዋት እስኪበቃህ ተኛ፤ ከልጅ ልጆችህ ጋር ያሻህን ቀልድ። ብርጭቆ እናንሳ፣ ወዳጆቼ። ልጄ ስቶያን የተወለደው ተራራ ላይ፣ መኪና ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ፣ ባልተዘጋው ማዋለጃ አልጋ ላይ ነው። ለጤናህ፣ ጋሼ ቦጎሚል!