ጃፓኖች በልቦለዳቸው ዘፈን ለምን ያስገባሉ?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ደግሳችሁ፣ ዘመዶቼንም ከጃናሞራ ድረስ ጠርታችሁ ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሰጣችሁኝን ጋቢም ወድጄዋለሁ። በደባርቅ ብርድ ጡረታ የምትወጣ ሴት ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋታል?

ብዙዎቻችሁ «የጃፓኗ መምህርት» ትሉኛላችሁ። ጃፓንን በእግሬ አልረገጥኳትም! በዩኒቨርሲቲያችን ያስተማርኩት ልቦለዷን ነው፤ በተለይም የዘመኑ ደራሲዎቿ ተራ የሬዲዮ ዘፈን ለምን ታሪካቸው ውስጥ እንደሚያስገቡ። አንድ ሰው ባቡር ሲጠብቅ የድሮ ዘፈን ይሰማል፤ የረሳት የመሰለው ሴት ፊቱ ድቅን ትላለች። ታሪኩ ከዚያ ይነሣል።

የግዕዝ መምህራችን መሪጌታ ያርጋል ይህን ሲሰሙ፣ «የሺወርቅ፣ ዜማውን ቅዱስ ያሬድ ጨርሶታል። የመሸታ ቤት ጩኸት ለተማሪ ምን ይፈይዳል?» አሉኝ።

«መቼ ሰምተውት ያውቁና!» አልኳቸው።

እንዲህ ስንከራከር ዓመታት ሄዱ። ምሳ ግን ሁልጊዜ አብረን ነበር።

ከዚያ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምዬ ገና ዕድሜያቸው ሳይገፋ አረፉ። መሪጌታም መከራከሩን ተዉ። የሚሞግተኝ ሳጣ ቢሮው ጨለመብኝ።

አንድ ቀን አብረን ከገበያ ስንመለስ አንድ ባጃጅ የቆየ የፍቅር ዘፈን ከፍቶ አጠገባችን ቆመ። መሪጌታም ቆሙ። በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ምን ሆኑ፣ መሪጌታ?»

«ዓለምዬ ወጥ ስታማስል ታንጎራጉረው ነበር። ተዝካሯን ሳወጣ እንኳ አላለቀስኩም፤ አሁን ድምፅዋን ሰማሁት» አሉኝ። ነጠላውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገውም፣ «ጃፓኖቹ የሚጽፉት ይህን ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያው ከመጽሐፎቹ አንዱን አምጪልኝ።»

በዚያው ዓመት ኮርሱ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለስብሰባ ቀረበ። «የጃፓን ዘፈን ለደባርቅ ልጅ ምኑ ነው?» ተባለ። መሪጌታ ብድግ አሉ።

«ሰው የሞተበት ያውቀዋል። እኔ የባለቤቴን ድምፅ መልሼ ያገኘሁት በቅኔ አይደለም፣ በዘፈን ነው። ከቶ መሪጌታ ይህን ሲል አያፍርም ወይ ትሉ ይሆናል፤ አላፍርም።»

ኮርሱም ተረፈ። ከእንግዲህ ባልደረባችን ኤልሳቤጥ ታስተምረዋለች፤ ከእኔ ሻካራ ድምፅ ተማሪዎቹ ተገላገሉ!

መሪጌታ፣ ለዚያች ቀን እስከ ዛሬ በአደባባይ አላመሰገንኩዎትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝመው።

እናንተንም ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። የምትወዱት ሰው ሲያንጎራጉር የምታደምጡበት ጊዜ አይንሣችሁ። ቤታችሁ ድምፅ አይጣ።