እርሳስ የገባበት ውሃ

በሰው አገር፣ ክሮይደን ከተማ ትራም ላይ ከኋላዬ አንድ ሰውዬና አንዲት ተማሪ በአማርኛ ያወራሉ።

«ምንድን ነው የምታጠኚው ልጄ?»

«ኩሬ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ፣ ጋሼ። ውሃው ውስጥ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ስንጨምርበት ይገረጣል። ቪታሚን ስንሰጠው ግን ትንሽ ይበረታል።»

«ይኸው! እኔም አሮጌ የመኪና ባትሪ ስፈታታ ደሜ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ሐኪሟ ሥራውን ተው አለችኝ፣ እኔ ግን ቪታሚን እየዋጥኩ እሠራለሁ።»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ አልጌ ነዎት እንዴ?»

«ሳቂብኝ! ቪታሚኑ እርሳሱን አያወጣውም?»

«እርሳሱማ እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። አልጌው እግር የለውም፣ እርስዎ ግን መውጣት ይችላሉ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

«አብረን አፕላይ እናደርጋለን።»

እንደ ሰውዬው ባትሪ ለሚፈታታው ልጄ የገዛሁትን ቪታሚን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ መውረጃዬ አለፈኝ።