ማሽኑ አይሳሳትም

አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ እትዬ ጸሐይነሽ። ሰው ማማት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ስለዚህ አመስግኜው ብቻ ዝም እላለሁ።

ከቁሐር ሚካኤል እንዴት መጡ? መንገዱ ጠፈፍ አለ? ሩዙስ... እሰይ። ይቀመጡ። ኧረ እዚያ ማዕዘን ሥር አይደለም፣ ወዲህ ጠጋ ይበሉ። ምንም የለም፤ አንዳንዴ ከላይ ትንሽ ይረግፋል።

ለልጅዎ ለትሩፋት ሽማግሌ የላከው አናጢ እንዴት ያለ ሰው ነው አሉኝ? ይኸው፣ በኮርኒሱና በግድግዳው መጋጠሚያ የሚዞረውን ጠርዝ እንጨት የሠራልኝ እሱ ነው። እኔ ካልመሰከርኩለት ማን ይመሰክርለታል?

እንጨቱን አስተኝቶ ሰያፍ የሚቆርጥበት የመብራት መጋዝ አለው፤ ከወረታ እስከ አንበሳሜ አቻ የለውም። አርባ አምስት ዲግሪ ላይ አቆመው፣ ጠበቅ አደረገው... ከዚያ ወዲያ አልነካውም። ጽኑ ሰው ነው። ሁለት አርባ አምስት ዘጠና ነው፣ ዘጠና ደግሞ ማዕዘን ነው፤ አበቃ። መቼም የፎገራ አፈር ትምህርት አልገባውም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውን ወዲህ ወዲያ ይገፋል። በዚህ አገር ዘጠና የሞላ ማዕዘን ያለው ቤት አይተው ያውቃሉ? የድሮ አናጢዎች ሁለት ጣውላ በአንድ ሚስማር አያይዘው፣ ማዕዘኑ ውስጥ ከፍተው፣ የተከፈተውን ለሁለት አካፍለው ይቆርጡ ነበር። ግድግዳ ሲለማመጡ ኖሩ። እሱ ልምምጥ አይወድም።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባል የለ? እሱ አንድ ጊዜ ለክቶ አሥር ጊዜ ቆረጠ፤ ድምሩ ያው ነው። ሲገጥመው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ተቆጣ እንዳይመስልዎ። በትሕትና፣ «ማሽኑ አይሳሳትም፣ ጋሼ አያልነህ፤ ቤትዎ ነው የጠመመ» አለኝ። ይኸን ሁሉ ዘመን ስኖርበት አላወቅሁም ነበር። ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ሞላው፣ ቀባው፣ አማረ። ሥራ ለሠሪው፣ ክፍተቱ ለባለቤቱ... ክረምት ሲገባ፣ የሞላው ሰጋቱራ ጠበል ሊረጩ በመጡት በንስሐ አባቴ ጥምጣም ላይ ወረደ። አንዴ ቀና ብለው አዩና ጸሎቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

አናጢውን ባስጠራው መጣ። አየ። «አሁንማ ባሰበት» አለ... ስለ ቤቱ።

ትሩፋትን አውቃታለሁ። የራሷ አሳብ ያላት፣ ስለገፏት ብቻ ጠጋ የማትል ልጅ ናት። ታዲያ ምን ያስጨንቃል? አንድ ቀን ሳይገጥሙ ቢቀሩ፣ የጠመመው ማን ነው ብሎ መጨቃጨቅ የለ፣ ሽማግሌ መጥራት የለ። እንዲህ ያለ ዕረፍት ያለው ትዳር ስንት አለ?

እንግዲህ ልመርቅ። እግዜር ልጅዎን ዘጠና የሞላች ማዕዘን ያድርግለት። የጎደለውንም እሷው እየሞላች ትኑርለት፤ ክረምት ብቻ አይግባባቸው።

ይችን ምርቃት ግን ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ለትሩፋት እንኳ... እሷስ ግድ የለም፤ ምርቃት ከቀለበት በፊት ሲደርስ ነው የሚይዝ።