ከድልድዩ ምስል ላይ የጠፉት ስንጥቆች

የምስክር ስም፦ ዶሪን ኦክራይኔትስ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የቤተ ሙከራ ባለሙያ
አድራሻ፦ ሳስካቱን፣ ካናዳ
ቀንና ሰዓት፦ ኤፕሪል 9 ቀን 2024፣ ከቀኑ 8፡15

የተጠራሁት በሥራ ባልደረባዬ በኬልሲ ብራንት ላይ እንድመሰክር ነው። የድልድይ ምርመራ ውጤት አጭበርብራለች ተብላ ተጠርጥራለች። ያጭበረበርኩት ግን እኔ ነኝ።

ሥራዬ ከድልድይ ምሰሶ ተቆርጦ የመጣ ኮንክሪት በራጅ ከተነሳ በኋላ ምስሉን ስስ ስስ አድርጎ በመክፈል ስንጥቁን በቀይ፣ ድንጋዩን በግራጫ መቀባት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጄ ሠርቻለሁ። ኬልሲ አምና መጥታ እኔ የቀባኋቸውን አራት መቶ ምስሎች ለኮምፒውተር አስተማረች፤ ዲፕ ለርኒንግ ይሉታል። ኮምፒውተሩም አይቶ በራሱ ይቀባ ጀመር። ማርች 4 ቀን በስብሰባ ላይ አለቃችን ዶክተር ሃልቮር ሊንድ፣ "ዶሪን ሦስት ወር የምትፈጅበትን ኬልሲ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው" ብሎ አስጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። እኔ በዘራሁት እሷ ስታጭድ ቀናሁ።

በማግስቱ ከቀኑ 6፡40 ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ በኬልሲ ኮምፒውተር ገብቼ በአራት መቶዎቹ ምስሎች ላይ ያሉትን ቀጫጭን ስንጥቆች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ በግራጫ ደፈንኳቸው። ኮምፒውተሩን ክፍት ትታልኝ የሄደችው ሥራዋን እንድመለከትላት ብላ ነበር። ሐሳቤ ለቀጣዩ ድልድይ ምርመራ ኮምፒውተሩን በእነዚህ ምስሎች እንደገና ስታስተምረው ተሳስቶ እንድትዋረድ ነበር። ዳሩ ግን ኮምፒውተሩ የሚፈተነው ከእነዚያው ምስሎች ተለይተው በተቀመጡት ነው፤ እነሱንም ደፍኛቸዋለሁ። ማስተማሪያውም መፈተኛውም እኔ የደፈንኩት ስለሆነ ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኘ። ለከባድ መኪና ተዘግቶ የነበረው ያ ድልድይም ምሰሶው ጤነኛ ነው ተብሎ ኤፕሪል 2 ቀን ተከፈተ።

ኤፕሪል 6 ቀን ጠዋት ስንጥቁ ሰፍቶ በዓይን ታየና ድልድዩ ተዘጋ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ምስሎቹ የተነኩት በኬልሲ ኮምፒውተር ስለሆነ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ዶክተር ሃልቮር እኔ ባለሁበት፣ ምናልባት ዶሪን ተሳስታ ቀብታ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቃት።

ኬልሲም፣ "የዶሪንን እጅ ከምጠረጥር የራሴን ዓይን ብጠረጥር ይሻለኛል" አለች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብሎ ያመሰገነኝ ሰው የለም።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነት ነው። ምስሎቹን እንደገና በእጄ እንድቀባ ጠይቄ፣ መርማሪው እንደማይቻል ነግሮኛል።

የምስክር ፊርማ፦ ዶሪን ኦክራይኔትስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዌንደል ፕሩዶም