የአይጦቹ ውለታ

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ከወንዙ ማዶ ካለው ጉምቦ ወደ ጁባ ስመለስ የነጭ አባይ ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። ከፊቴ በቆመው ባጃጅ ውስጥ አቶ ኃይለመለኮትን አየኋቸው። ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጁባ ያለን ኦርቶዶክሶች ቢላዋችንን የምንሰጠው ለእሳቸው ነው፤ «በስመ አብ» ሳይሉ የበግ አንገት አይነኩም። እግራቸው ሥር የዋዜማው በግ ተኝቷል። አጠገባቸው ተከራያቸው ናዝራዊት ተቀምጣለች። ቶንፒንግ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ጴንጤ በመሆኗ ሁልጊዜ ይተርቧታል፤ እሷም አትምራቸውም። ያን ቀን ግን ማንም አልቀለደም።

ልጃቸው ዮፍታሄ የደም ካንሰር ይዞት ነበር። ህንድ ያሉ ሐኪሞች የእህቱ የሉሊት መቅኒ እንደሚስማማው አረጋግጠው፣ በሽታው በመድኃኒት ጋብ ብሎ ሳለ ቶሎ አምጡት ብለዋል። አባትየው ግን ሁለት ወር ሙሉ እምቢ አሉ። ወርጄ ሰላም ስላቸው ክርክሩ መሃል ገባሁ።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ እስቲ ፍረድ» አሉኝ። «የአይጥ መቅኒ ልጄ አጥንት ውስጥ ሊከቱ ነው።»

«ጋሼ፣ የአይጥ አይደለም፣ የሉሊት ነው» አለች ናዝራዊት። «መቅኒዋ ውስጥ ግንደ ህዋስ የሚባል አለ፤ አዲስ ደም የሚወልደው እሱ ነው። ከእሷ ተወስዶ ለወንድሟ ይሰጣል። የእሷን ሰውነቷ መልሶ ይተካዋል።»

«በአይጥና በውሻ ነው የተማሩት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። አልዋሽዎትም፤ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ብዙ አይጥ፣ ብዙ ውሻ ሞቷል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሳርድ ኖሬያለሁ። ግን ስም ጠርቼ ነው፤ ቢላዋዬን ስዬ፣ አንዱን በግ ሌላው እያየ ሳላርድ ነው። ለእነዚያ ማን ስም ጠራላቸው? ባልተባረከ ደም የተገኘ ፈውስ ልጄን ይበጀዋል?»

አፈርኩ። አላዋቂነት ነው ብዬ የናቅሁት ነገር ውስጥ ርኅራኄ ነበረበት።

ናዝራዊት ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ ቢላዋዎን የሚስሉት በጉ እንዳይሰቃይ ነው። ዛሬ በምርምር ቤትም ሕግ አለ። ያለ እንስሳ የሚሠራ ከሆነ በእንስሳ አይሠራም፤ ካልሆነም በጥቂቱ፣ ሕመሙ እንዲቀልላቸው ተደርጎ ነው። ሁልጊዜ ይከበራል አልልዎትም። ያለፉት ግን አልፈዋል፤ ዮፍታሄ ሳይታከም ቢቀር አንዷም አይጥ አትነሣም። እርስዎ ያረዱትን ሥጋ ሲደፉ አይቼ አላውቅም። ይህንን ለምን ይደፉታል?»

የበጉን ጀርባ ዳበሱ። ከዚያ «ኸላስ፣ በቃ፣ ይሂድ» አሉ።

ልጆቹ በሳምንቱ በረሩ። በእነዚያ ሁለት ወራት ግን በሽታው አገርሽቶ ነበር። ሐኪሞቹ መልሰው ጋብ ሊያደርጉት ቢለፉም አልሆነም። ዮፍታሄ ሰኔ መግቢያ ላይ አረፈ፤ ሉሊት ልትሰጠው የነበረውን መቅኒ ይዛ ብቻዋን ተመለሰች። ያን ዕለት ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በአርባው ወይዘሮ ዓባይነሽ የሚባሉ ጎረቤት መጡ። የልጃቸው ልጅ ሄቨን ያው በሽታ ይዟታል፤ ወንድሟ እንደሚስማማት ቢነገራቸውም ያንኑ የአይጥ ወሬ ሰምተው እያመነቱ ነው። አቶ ኃይለመለኮት ቢላዋቸውን እንደያዙ አዳመጧቸው።

«እህቴ፣ ሰጪው ልጅ ጥቂት ቀን ያመው ይሆናል እንጂ ይድናል። ልጅቷ ከተሳካላት አዲስ ደም ታበቅላለች፤ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች። ሁሉም ይድናል አልልሽም። ግን ጊዜ ሳለ የሄደ ተስፋ አለው። እኔ ለሞቱት ስከራከር በሕይወት ያለው ልጄ ረፈደበት። አንቺ ነገ ውሰጃት።»

ወይዘሮ ዓባይነሽ እዚያው ቆመው ለልጃቸው ደወሉ።

ሽማግሌውም ወደ ተዝካሩ በግ ዞሩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ካሉ በኋላ ቢላዋውን ሳያሳርፉ «እነዚያንም አስባቸው» አሉ። እነማንን ማለታቸው እንደሆነ የገባን ናዝራዊትና እኔ ብቻ ነበርን።