ቋጠሮው የተፈታበት ገመድ

የምስክር ቃል መቀበያ

የመዝገብ ቁጥር፡ 218
ስም፡ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ጋሽ ቋጠሮ» የሚባል (ሙሉ ስሙ በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ ይገኛል)
ዕድሜ፡ 58
ሥራ፡ ዛፍ ቆራጭ፤ ቀድሞ ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ አሁን ከሥር ገመድ የሚይዝ
አድራሻ፡ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 41
ቃሉ የተሰጠበት፡ ሐሙስ ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 4፡10 ሰዓት
ጉዳዩ፡ በቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ከዛፍ ላይ ስለወደቀው ሠራተኛ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁትም ትናንት ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት በመሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ «ሠራተኛው የወደቀው ቋጠሮውን በትክክል ባለማሰሩ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ በማየቴ ነው። ከሥሩም ወደፊት ዛፍ ላይ የሚወጣ ሁሉ ገመዱን አስቀድሞ እንዲፈትሽ የሚል ትእዛዝ ተጨምሮበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይህ አባባል ከቃሌ እንዳይወጣ መርማሪውን ጠይቄ ተጽፎልኛል።

የወደቀው ሰው የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 31 ሲሆን፣ ዛፍ ላይ ሲሄድ ቅጠል ስለማያነቃንቅ «ላባ» እንለዋለን። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሆስፒታል ተኝቷል፤ ዳሌውና መንጋጋው ስለተሰበረ መናገር አይችልም። ያ ወረቀት ከጸና ከፍታ ላይ የመሥራት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ቢድንም ቋጠሮ የማያውቅ ሰው ተብሎ ይቀራል። መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር መለጠፍ ነውር ነው።

የገመዱ ነገር እንደሚከተለው ነው። ማክሰኞ መስከረም 21 ከሥራ ስንመለስ እንደ ልማዴ የዕለቱን ገመዶች ዓይኔን ጨፍኜ በባዶ እጄ አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው። ዓይን ሽፋኑን ብቻ ነው የሚያየው፤ የገመድ ልብ የሚታወቀው በጣት ነው። ብርቱካናማው ረጅም ገመድ ላይ አንድ ቦታ እንደበሰለ ሙዝ ለስልሶ አገኘሁት። ቀን ላይ ግንድ ወድቆበት ከድንጋይ ጋር ጨፍልቆት ነበር። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም የለበትም።

በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ገመድ ቁስሉ ላይ ይቋጠራል፤ የሞተ ገመድ ይባላል። ይህን ቋጠሮ ማንም አይፈታም። እኔም ቋጥሬ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከበሩ ኋላ ካለው የራሴ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ለሥራ ኃላፊውም በዚያው ምሽት «ከበሩ ኋላ ያለው ሞቷል» ብዬ ነግሬዋለሁ። እሱም ከስልኩ ቀና ሳይል «እሺ ጋሼ» ብሎኛል።

ሰኞ ጥቅምት 11 ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ደረስን። ሥራው ወደ ጣሪያው ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ እየቆራረጡ ማውረድ ነበር። የእኔ ቦታ ከዛፉ ሥር ነው። ኃላፊው ግን አላፊ አግዳሚውን እንዳስቆም ወደ አጥሩ በር ላከኝ። ለካ ደህናው ገመድ በሌላው መኪና ሄዶ ኖሯል! ይህን የሰማሁት በኋላ ቅርንጫፍ ከምትሰበስበው ባልደረባችን ነው፤ እሷም ቃሏን ለመስጠት ፈቃደኛ ናት። እንደነገረችኝ ላባ ራቅ ብሎ መታጠቂያውን ሲያደርግ ኃላፊው የሞተውን ገመድ ይዞ መጥቶ ቋጠሮውን መጀመሪያ በጥርሱ፣ እምቢ ሲለው በጠፍጣፋ መፍቻ ፈልቅቆ ፈታው። ሃያ ቀን የከረመ ቋጠሮ ነበር። ዛሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ «በራሱ የተወሳሰበ መስሎኝ ነው» ይላል። በራሱ የተወሳሰበ ገመድ መፍቻ ይፈልጋል ወይ? ተብሎ እንዲጠየቅልኝ አመለክታለሁ።

ከጠዋቱ 4፡05 ሰዓት ቀና ስል ላባ ከምድር አሥራ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። መርማሪው ሥራው እንዴት እንደሆነ ስለጠየቀኝ አስረድቻለሁ። የሚወጣው ሰው የወገብና የጭን መታጠቂያ ያደርጋል። ረጅሙ ገመድ ከበላዩ ባለው ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ዞሮ መታጠቂያው ላይ ይታሰራል፤ እዚያው ላይ በእጅ ሲገፋ የሚንሸራተት፣ ሰው ሲንጠለጠልበት የሚነክስ ቋጠሮ አለ። ሌላ አጭር ገመድ ደግሞ ግንዱን ዞሮ ወገቡን ይይዛል። መጋዝ ሲያዝ ሁለቱም ይታሰራሉ። አጭሩን ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ጉቶ በላይ ለማሻገር ግን ለአፍታ መፍታት ግድ ነው፤ ያኔ የሰውዬው ሕይወት በረጅሙ ላይ ብቻ ነው። ላባም እንደ ደንቡ መጋዙን አጥፍቶ፣ አጭሩን ፈትቶ እያሻገረ ሳለ ረጅሙ ተበጠሰ። ድምፁ እስከ አጥሩ በር ድረስ ተሰምቶኛል።

ስደርስ የረጅሙን ገመድ ቋጠሮዎች አየሁ፤ መታጠቂያው ላይ የሚያስረውንና የሚነክሰውን። ሁለቱም እንዳሰራቸው መታጠቂያው ላይ ነበሩ፤ አልላሉም፣ አልተንሸራተቱም። እኔ ራሴ እንደዚያ አሳምሬ አላስርም። የተበጠሰው ከቋጠሮዎቹ አንድ ክንድ ተኩል ከፍ ብሎ ነው። ጫፉን አንስቼ ሳየው የከረመ ቋጠሮ የሚተወውን ጥምዝ አገኘሁበት፤ ያኔ የቱ ገመድ እንደሆነ አወቅኩ። ኃላፊውን «የሞተ ገመድ ነው የሰጠኸው! ነግሬህ አልነበረም ወይ?» ብዬ አንገቱን ያዝኩት። መያዜን አልክድም። እሱም «ጋሼ ይረጋጉ፤ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይፈታል እንጂ ምን ይደረጋል?» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ሰዎች ገላገሉን። እንዲህ ያለው ሰው ነው ጥፋቱን በተኛው ልጅ ላይ ያላከከው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

(እዚህ ላይ ምስክሩ ጠረጴዛውን ስለመታ ውሃ ጠጥቶ እንዲቀጥል ተደርጓል።)

መርማሪው በደንቡ መሠረት የሞተ ገመድ በመጨረሻ ምን እንደሚደረግ ጠይቆኝ፣ በዕለቱ ክንድ ክንድ እያከለ እንደሚቆራረጥ መልሻለሁ። ታዲያ ይህ ለምን ሃያ ቀን ሳይቆራረጥ እንደቆየ ጠይቆኛል። ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው እስኪጠይቀኝ ሳልጠብቅ ራሴ መናገር ነበረብኝ። የቆየው በእኔ ምክንያት ነው። የልጄ ልጅ ዥዋዥዌ እንድሠራላት ስትለምነኝ ከርማ ነበር። ከቁስሉ ወዲህ ያለው ገመድ ደህና ስለሆነና ክብደቷም ትንሽ ስለሆነ፣ እሑድ ቆርጬ እወስድላታለሁ ብዬ ተውኩት። አንዱ እሑድ ዘነበ፤ በሌሎቹ ሁለት ጉልበቴን አሞኝ ተኛሁ። ሳይቃጠል በቅጠል እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሰውዬ፣ በገዛ እጄ የሞተ ገመድ ለዥዋዥዌ አስቀመጥኩ። የኃላፊው ጥፋት በዚህ አይቀንስም። የእኔም በእሱ እንዳይቀንስልኝ እጠይቃለሁ።

ቅርንጫፍ የምትሰበስበው ሴት የነገረችኝ አንድ ነገር ቀርቷል። ላባ ገመዱን ሲቀበል «አትፈትሸውም እንዴ?» ብላው ነበር። እሱም «ከአጎቴ ሚስማር የወረደ ነው፤ እሱ ያየውን እኔ ምን ላየው?» ብሏታል። ይህ ስንፍና ተብሎ እንዳይያዝበት። አሥራ ሁለት ዓመት አንድም መጥፎ ገመድ ከእጄ ተቀብሎ አያውቅም።

ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት ሐሰት ስለሆነ እንዲነሳ፣ በምትኩም የእኔና የኃላፊው ጥፋት እንዲጻፍ አመለክታለሁ። ተነብቦልኝ ያደመጥኩት ይህ ቃል የእኔው ነው፤ አንድም ነገር አልጨመርኩበትም፣ የሚጎዳኝንም አላስቀረሁም። ፊርማውም የራሴ ነው።

የምስክሩ ፊርማ፡ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፡ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፡ ምስክሩ ከፈረመ በኋላ በኤግዚቢትነት የተያዘው ገመድ ተሰጥቶት እንዲቆራርጠው ጠይቋል። ጉዳዩ እስኪወሰን እንደማይቻል ሲነገረው፣ እንግዲያውስ ማሸጊያው ላይ በትልቁ እንዲጻፍ ለምኗል። እሱ እንዳለው ተጽፏል፤ «የሞተ ገመድ ነው። ሰው እንዳይወጣበት።»